ሕዝቡ ይሰማል ወይ?

እሑድ ጧት በአንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚያልፍ ሰው አስቀድሞ ጆሮው የሚገባው የኦርጋኑ ድምፅ ነው፤ ቀጥሎም የመዘምራኑ። የተሰበሰበው ሕዝብስ ይዘምራል ወይስ ዝም ብሎ ያዳምጣል? ዛሬ ልናነሣው ያሰብነው ጉዳይ ይኸው ነው። ነገሩ ቀላል ይምሰል እንጂ የሮማን ሊቃነ ጳጳሳት፣ ታላላቅ ጉባኤዎችንና በየቁምስናው ያለውን የመዘምራን አለቃ ሲያስጨንቅ የኖረ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያችን ይገንዘቡልን።)

በ19ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ አገር ቅዳሴ ለማስቀደስ የሄደ ሰው ኦፔራ ቤት የገባ ይመስለው ነበር ብንል ብዙ ማጋነን አይሆንብንም። ኦርጋን መቺው ማታ በቴአትር ቤት የተሰማውን ዜማ ጧት በቤተ ክርስቲያን ይደግመዋል፤ ብቸኛው ዘማሪ አንዱን ቃል ደጋግሞ እያርገበገበ ይጎትተዋል፤ ቄሱም ዘፈኑ እስኪያልቅ በመንበሩ ፊት ቆመው ይጠብቃሉ። ሕዝቡማ ምን ሥራ አለው? ወይ ያዳምጣል፣ ወይ መቍጠሪያውን ይቈጥራል።

ይህን ሲታዘቡ ከኖሩት ካህናት አንዱ ጁዜፔ ሳርቶ ነበሩ። እኒህ ሰው ከድኻ ቤተ ሰብ ተወልደው በገጠር ቁምስና ለብዙ ዓመት ያገለገሉ ሲሆኑ፣ በዚያን ጊዜ የመንደሩን ልጆች ዜማ ያስተምሩ እንደ ነበር ይነገርላቸዋል። በነሐሴ 1903 በሮማ መንበር ተቀምጠው ፒዮስ 10ኛ ተባሉ። አራት ወር እንኳ ሳይሞላቸው፣ በኅዳር 22 ቀን 1903 ስለ ቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ጥብቅ መመሪያ አወጡ። የቅዳሴ ዜማ ሁሉ መለኪያው ጥንታዊው የጎርጎርዮስ ዜማ እንዲሆን፣ ፒያኖና ከበሮ ከቤተ ክርስቲያን እንዲወጡ፣ ዘማሪዎቹ ቄሱን በመንበሩ ፊት እንዳያስጠብቁ፣ ሕዝቡም እንደ ጥንቱ ዜማውን ተምሮ ራሱ እንዲያዜም አዘዙ። በመመሪያው ሴቶች ከመዘምራን ቡድን እንዳይገቡ፣ ቀጭኑን ድምፅ ወንዶች ልጆች እንዲይዙት የሚል ቃልም ነበረበት። ዛሬ በብዙ ቁምስና ሴቶቹን ብናስወጣ መዘምራን የሚባል ነገር አይቀርምና ይህ ክፍል እየላላ ሄዶ መቅረቱ መልካም ሆኗል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ነው። ጉባኤው በታኅሣሥ 4 ቀን 1963 ስለ አምልኮ ሥርዓት የተዘጋጀውን ሰነድ በ2147 ድምፅ ሲያጸድቀው የተቃወሙት አራት ብቻ ነበሩ። ሰነዱ የጎርጎርዮስን ዜማ በክብር ስፍራው ያኖረዋል፤ የጥንቱ የሙዚቃ ሀብት እንዲጠበቅ ያዛል፤ ኦርጋንን ያከብራል። በዚያው መጠን ደግሞ ሕዝቡ በድምፁ እንዲሳተፍ፣ የየአገሩም ዜማ ተገቢ ስፍራ እንዲሰጠው ይጠይቃል። የመዘምራን አለቃውን ራስ ምታት ያመጣበት እንግዲህ ይህ ነው። ሀብቱን ልጠብቅ ሲል ሕዝቡ ዝም ይላል፤ ሕዝቡን ላዘምር ሲል ሀብቱ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። በ1967 የወጣው ሌላ መመሪያ ነገሩን በመጠኑ አቃለለው። ቅድሚያ የሚሰጠው ካህኑ ብሎ ሕዝቡ ለሚመልሰው ነው፤ ጌጡ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይህን ሁሉ ተሸክሞ ቅዳሜ ማታ ከጠረጴዛው የሚቀመጠው የቁምስናው ሰው ነው። ብዙውን ጊዜ ደመወዝ የለውም፤ ቀኑን አስተማሪ ወይም የቢሮ ጸሐፊ ሆኖ የሚውል ነው። በመጀመሪያ የዕለቱን ንባብ ይዘረጋል። ወንጌሉ ስለ ጠፋው በግ የሚናገር ከሆነ መዝሙሩም ከዚያ እንዳይርቅ ይሻል። ዳሩ ግን ቃሉ ቢስማማ ዜማው ላይስማማ ይችላል። ድምፁን ያላሠለጠነ ሰው፣ ማለት አብዛኛው ምእመን፣ ሳይጨነቅ የሚዘምረው ከመካከለኛው ዶ እስከ ላይኛው ዶ፣ ቢበዛ እስከ ሬ ነው። ዜማው ከዚያ አልፎ ወደ ፋ ሲወጣ መዘምራኑ ይደሰታሉ፤ ሕዝቡ ግን አፉን ይዘጋል። መድኃኒቱ ዜማውን እንዳለ ዝቅ አድርጎ መጻፍ ነው። ይህን ያህል ድካም የማይፈልግ ኦርጋን መቺ ግን የመጽሐፉን ኖታ እንዳገኘው ይመታና «የእኛ ሕዝብ መዝሙር አይወድም» እያለ ያማርራል።

ስለ ድምፅ አከፋፈልም እንዲሁ ነው። ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴኖር፣ ባስ ተብሎ በአራት የተደለደለ ዝግጅት በወረቀት ላይ ያምራል። በቁምስና ውስጥ ግን ቴኖር ብርቅ ነው። አንድ ቴኖር ብቻ ያለው አለቃ ያን ምስኪን ብቻውን ከሚያስጮኸው፣ ወንዶቹን ሁሉ በአንድ ድምፅ ሰብስቦ ዝግጅቱን ወደ ሦስት ቢያወርደው ይሻላል እንላለን።

ርዝመቱም የራሱ ጣጣ አለው። ሦስት አንቀጽ ያለው መዝሙር በሦስት ደቂቃ ያልቃል፤ ለቍርባን የሚሰለፈው ሕዝብ ግን ዐሥር ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ደግሞም ወደ ቍርባን የሚሄድ ሰው መጽሐፍ ገልጦ አይራመድም። ስለዚህ ለዚያ ሰዓት የሚሻለው አንቀጹን አንድ ዘማሪ የሚያወጣው፣ አዝማቹን ሕዝቡ በቃሉ ይዞ የሚቀበለው ዓይነት ነው። ፈረንሳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ዦዜፍ ዠሊኖ በ1950ዎቹ መዝሙረ ዳዊትን ያዘጋጁት በዚህ አኳኋን ነበር። የስንኙ ቃል ቢበዛም ቢያንስም ምቱ እኩል እየሄደ ይጠብቀዋል፤ ሕዝቡም አጭሯን አዝማች ይመልሳል። አውጪና ተቀባይ ለለመደ ለእኛ አገር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ለአለቃው ከሁሉ የሚከብደው ግን ሠርግ ነው። ሙሽራዪቱ ትመጣና የሹበርትን «አቬ ማሪያ» ትጠይቃለች። ብዙ ሰው ለቤተ ክርስቲያን የተጻፈ ይመስለዋል፤ ሹበርት ግን በ1825 የጻፈው ዋልተር ስኮት በተባለው ስኮትላንዳዊ ደራሲ ግጥም ውስጥ ያለች አንዲት ልጅ ለምታቀርበው ጸሎት ነው። የላቲኑ ጸሎት የተገጠመለት በኋላ ነው። ይህስ ጸሎት ስለ ሆነ ይታለፍ ይሆናል። የዋግነር የሙሽሮች መዝሙር ግን «ሎሄንግሪን» ከሚባለው፣ በ1850 ከታየው ኦፔራ የተወሰደ ነው። በዚያ ኦፔራ ሙሽሮቹ በዚህ ዜማ ታጅበው ወደ ጫጉላቸው ይገባሉ፤ ትዳራቸውም በዚያችው ሌሊት ይፈርሳል! አለቃው ይህን ሁሉ ለሙሽራዪቱ ይንገራት? ከነገራት ታዝንበታለች፤ ዝም ካለ ደግሞ ሌላው ሙሽራ ሁሉ በእርስዋ ዱካ ይመጣል። ብልሆቹ «እርሱን ለግብዣው እናቆየው» ብለው ሌላ ሦስት መዝሙር አስመርጠው ይሸኟታል።

የየአገሩ ዜማ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማወቅ ወደ ኮንጎ መመልከት ይጠቅማል። ጉባኤው ገና ሳይሰበሰብ፣ በ1958 በካሚና ከተማ፣ ጊዶ ሃዘን የሚባሉ ቤልጅጋዊ የፍራንቸስካውያን ካህን ከልጆችና ከአስተማሪዎች ጋር ሆነው «ሚሳ ሉባ»ን አዘጋጁ። ቃሉ ላቲን ነው፤ ዜማው ግን የአገሩ ነው። ኪርያላይሶኑ በለቅሶ ዜማ፣ ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ የሚለው ደግሞ በስንብት ዜማ ተቃኝቷል። አብዛኛው በወረቀት ላይ ሳይጻፍ ዘማሪዎቹ እየተቀባበሉ የፈጠሩት ነበር። በዚያው ዓመት አውሮፓ ሄደው ሲዘምሩ የሰማቸው ሁሉ ተደነቀ። ሮማም በ1988 ለዚያች አገር የሚሆን የቅዳሴ ሥርዓት አጸደቀች።

በአገራችን በግዕዝ ሥርዓት የሚቀድሱት ካቶሊካውያን የቅዱስ ያሬድን ዜማ ስለሚከተሉ፣ ቅዳሴው ራሱ ዜማውን ይዞ ይመጣል። በላቲን ሥርዓት ለሚቀድሱት ቁምስናዎች ግን ምርጫው አይቀርላቸውም። በውጭ አገር ዜማ ላይ የአማርኛ ቃል ለመግጠም የሚነሣ ሰውም ሊጠነቀቅለት የሚገባ ነገር አለ። አማርኛችን የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ አለው። «እግዚአብሔር ይሰማል» የሚለው ሲላላ «ያዳምጣል» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን «ድምፁ ለጆሮ ይደርሳል» ማለት ይሆናል። ዜማው ሊላላ በሚገባው ፊደል ላይ ከጫነ፣ ወይም ሊጠብቅ የሚገባውን በረጅም ኖታ ካለዘበው፣ ዘማሪው ሳያውቀው ሌላ ነገር ይናገራል። ስለዚህ ግጥሙን አስቀድሞ ጮክ ብሎ አንብቦ፣ የሚጠብቀውን ፊደል በእርሳስ አስምሮ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ኖታው መሄድ ይገባል። የዚህ ጽሑፋችንም ርእስ ላልቶና ጠብቆ ሁለት ጊዜ ቢነበብ ሁለት ጥያቄ ይወጣዋል።

ሥራውን የሚያውቅ አለቃ ቅዳሴው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ወደ ሕዝቡ ዞሮ ይቆማል። ንግግር አያበዛም። አዲሱን አዝማች አንድ ጊዜ ብቻውን ይለዋል፤ ሁለት ጊዜ ሕዝቡን ያስብላል፤ ከዚያ ወደ ስፍራው ይመለሳል። መዝሙሩ ሲደርስ የመጀመሪያውን አዝማች ከሕዝቡ ጋር ይዘምራል። በሁለተኛው ከማይክሮፎኑ ፈቀቅ ይላል። በሦስተኛው አፉን ዘግቶ ያዳምጣል።