ለልጅ ምክር የጻፉ አባት

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት የደረሱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ «ለልጅ ምክር፣ ለአባት መታሰቢያ» የተባለውን መጽሐፍ በ1910 ዓ.ም. አሳተሙ። ልጆቻችንን ለትምህርት ቤት አስረክበን ምክሩን ለመምህር የምንተው እኛ አባቶች (መምህራን ሆነንም ይህንኑ እናደርጋለን) ይህን አርእስት ባነበብን ቍጥር እናፍራለን።

ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1928 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ ግን በአገሩ ቀርቶ፣ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፎ፣ በ1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ተገደለ። ለአባቱ መታሰቢያ ሊሆን የሚገባው ልጅ ከአባቱ ቀደመ። አባትም በ1931 ዓ.ም. መስከረም በእንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ፣ በስደት እንዳሉ ዐረፉ።

የአባቱን ብዕር ያነሣው ሌላው ልጃቸው ሲራክ ነው፤ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራሴላስ» ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መለሰው።