ከደርባን ተነስቶ የእንግሊዝን ውድድር የለወጠው መሐንዲስ

ከአገራችን ሙያ ይዘን ወጥተን፣ እዚህ ግን ወረቀታችን አልታወቅ ብሎን የታክሲ መሪ የጨበጥን፣ ሱቅ የከፈትን ብዙዎች ነን። የዛሬው ታሪክ የእኛ ሰው ታሪክ ባይሆንም፣ ከአፍሪካ ተነስቶ ሥራ ፍለጋ እንግሊዝ የገባ ሰው ነውና ቁም ነገር አይጠፋበትም። (ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጎርደን መሬይ ከስኮትላንዳውያን ስደተኞች በ1946 በደቡብ አፍሪካ ደርባን ተወለደ። እዚያው ምህንድስና ተምሮ፣ የውድድር መኪና ራሱ ነድፎና ሠርቶ በ1967 እና በ1968 ተወዳደረባት። በ1969 ሎተስ ኩባንያ እቀጠራለሁ ብሎ እንግሊዝ ገባ። ያሰበው አልሆነም። ከብራብሃም ነዳፊ ከሮን ቶራናክ ጋር ሲገናኝ ግን እዚያ ሥራ አገኘ። በርኒ ኤክልስተን ኩባንያውን ከገዛ በኋላ ዋና ነዳፊ ሆነ።

በ1978 ከመኪናው ኋላ ትልቅ ቬንቲላተር ገጠመ። ቬንቲላተሩ ከሥር ያለውን አየር ስለሚስብ መኪናው አስፋልቱ ላይ ይጣበቃል፤ ኩርባ ላይ አይንሸራተትም። ኒኪ ላውዳ በስዊድን ውድድር ከሰላሳ ሰከንድ በላይ ቀድሞ አሸነፈበት። ተቀናቃኞች ጮኹ፤ ድሉ ቢጸናም መኪናው ዳግም አልተወዳደረም።

ጎርደን ተስፋ አልቆረጠም። ያን ጊዜ መኪኖች ነዳጅ ጢም አድርገው ሞልተው ነበር የሚነሱት። እርሱ ግን በ1982 ግማሽ ብቻ ሞልቶ መነሳትን፣ መሐል ላይ ቆሞ መሙላትንና ጎማ መቀየርን አመጣ። ሸክሙ የቀለለ መኪና ይፈጥናል፤ ቆሞ የሚጠፋውን ጊዜ ያካክሳል። በመጀመሪያው ሙከራ መኪኖቹ መሙያው ጋ ሳይደርሱ ተበላሹ። በ1983 ግን ኔልሰን ፒኬ በእርሱ መኪና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

በ1987 ወደ ማክላረን ተዛወረ። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ ከ16 ውድድር 15ቱን አሸነፈ። ከዚያም ሾፌሩ መሐል የሚቀመጥባትን ባለሦስት መቀመጫ ማክላረን ኤፍ ዋንን ነደፈ፤ በ1995 የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈች። በ2007፣ ብዙ ሰው ጡረታ በሚያስብበት በ61 ዓመቱ፣ የራሱን ድርጅት ከፈተ።

እውነቱን እንናገር፤ ቋንቋው የአፉ ነበር፣ የእኛም መንገድ ከእርሱ ይረዝማል። ቢሆንም ጎርደን ዲፕሎማ ብቻ ሳይሆን በእጁ የሠራውንም ይዞ ነው የመጣው። ወንድሞችና እህቶች፣ ዲፕሎማችሁ ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥም እጃችሁን አታስቀምጡት። የሠራችሁትን ፎቶግራፍ አንሡ፤ የደንበኛ ምስክር በጽሑፍ ያዙ። አንድ ቀን የሚያይ ሰው ሲገኝ፣ የምታሳዩት ይኑራችሁ።