ቻትቦት ጥሩ ጸሐፊ ነው፤ የገበያ ዋጋ ግን አይጠየቅም

ከሆሳዕና ወደ አዲስ አበባ ድንች የሚጭን ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊ አይቀጥርም። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲያስፈልገው ከፍሎ ያስጽፋል። የጨረታ ሰነድ ሲገጥመው የሚያነብለት ሰው ያፈላልጋል። የጉዞውን ወጪና ገቢ ደግሞ በደረሰኝ ጀርባ ያሰላል። እነዚህን ሦስት ሥራዎች በደቂቃዎች ውስጥ የሚሠራ ረዳት ዛሬ ኢንተርኔት ባለው ስልክ ላይ ይገኛል። ስሙ ቻትቦት ይባላል።

ኦፕንኤአይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቻትጂፒቲን ለሕዝብ ክፍት ያደረገው ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ የጉግል ጀሚናይ፣ የአንትሮፒክ ክላውድ፣ የማይክሮሶፍት ኮፓይለትና በጥር 2017 ዓ.ም. ስሙ የገነነው የቻይናው ዲፕሲክ ገበያውን ተቀላቅለዋል። ሁሉም ያለ ክፍያ የሚሠራ አገልግሎት አላቸው። በመሆኑም ለነጋዴው ጥያቄው መሣሪያውን የማግኘት ጉዳይ አይደለም። የቱን ሥራ ሰጥቶት የቱን እንደማይሰጠው መለየት ነው። በአጭሩ ሲገለጽ ቻትቦት ጸሐፊ እንጂ ደላላ አይደለም። ያቀረቡለትን ጽሑፍና ቁጥር አሳምሮ ያዘጋጃል፤ የዕለቱን ገበያ ግን አያውቅም።

አሠራሩ

ቻትቦት መዝገብ ገልጦ የሚመልስ ማሽን አይደለም። እጅግ ብዙ ጽሑፍ እንዲያነብ ተደርጎ፣ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል እየገመተ ዓረፍተ ነገር የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ደብዳቤ ሲያረቅ የሚያምርበት በዚህ ምክንያት ነው። ያላወቀውን ነገር እንደሚያውቅ ሆኖ የሚናገረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የትምህርቱ ማብቂያ ነው። እያንዳንዱ ቻትቦት ያነበበው ጽሑፍ አንድ ቀን ላይ ያበቃል። ከዚያ ቀን በኋላ የወጣ አዋጅና የተለወጠ ዋጋ ኢንተርኔት እንዲፈልግ ካልተደረገ በቀር አይደርሰውም። የድሮውን ሲናገርም ድምፁ አይለወጥም፤ ከአዲሱ እኩል በእርግጠኝነት ይናገረዋል።

የማይታየውን ኪሳራ ማስላት

ቻትቦት ለነጋዴ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው የነጋዴውን የራሱን ቁጥር ተቀብሎ ሲያሰላ ነው። ለምሳሌ የሚከተለውን ጥያቄ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የቀረቡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

«60 ኩንታል ድንች በኩንታል 2,500 ብር ገዛሁ። ለመኪና 18,000 ብር፣ ለጫኝና አውራጅ 6,000 ብር ከፈልኩ። ከመቶ አምስቱ በመንገድ ቢበላሽ፣ ላለመክሰር በኩንታል ስንት መሸጥ አለብኝ? ስሌቱን ደረጃ በደረጃ አሳየኝ።»

ጠቅላላ ወጪው 174,000 ብር ነው። በደረሰኝ ጀርባ የሚያሰላ ነጋዴ ይህን ለ60 ያካፍልና መነሻ ዋጋው 2,900 ብር ነው ይላል። በ3,000 ብር ሲሸጥም በኩንታል 100 ብር፣ በጠቅላላው 6,000 ብር አተርፋለሁ ብሎ ያስባል። ይሁንና ከመቶ አምስት ሲበላሽ ለገበያ የሚደርሰው 57 ኩንታል ብቻ ነው። 57 ኩንታል በ3,000 ብር ሲሸጥ 171,000 ብር ይሆናል። ነጋዴው 6,000 ብር አተረፍኩ ሲል 3,000 ብር ከስሯል። ትክክለኛው መነሻ በኩንታል 3,053 ብር ገደማ ነው።

ቻትቦቱ ሰንጠረዡን ሠርቶ፣ ብልሽቱ ከመቶ ስምንት ቢሆን ወይም የመኪና ኪራይ ቢጨምር ውጤቱ ስንት እንደሚሆን ያሳያል። የመጨረሻውን ማባዛትና ማካፈል በስልኩ የሒሳብ ማሽን ደግሞ ማረጋገጥ ግን የነጋዴው ፋንታ ነው። ቻትቦት አንዳንዴ በተራ ድምር ላይም ይስታል።

ደብዳቤ፣ ጨረታና ማስታወቂያ

ከውጭ መለዋወጫ ለማስመጣት ፕሮፎርማ የሚጠይቅ ነጋዴ ሐሳቡን በአማርኛ ጽፎ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ማስረቀቅ ይችላል። እዚህ ላይ የሚጠቅም ዘዴ አለ። ቻትቦቱ የጻፈውን እንግሊዝኛ መልሶ ወደ አማርኛ እንዲተረጉም ማዘዝ ነው። የተመለሰው አማርኛ ነጋዴው ከጻፈው ጋር ካልተስማማ ደብዳቤው አይላክም።

የጨረታ ሰነድም እንዲሁ ነው። ረጅም ሰነድ አስገብቶ «የጨረታ ማስከበሪያው ስንት ነው? የሚያስፈልጉት ማስረጃዎች የትኞቹ ናቸው? እያንዳንዱ የሚገኝበትን ገጽ ጥቀስ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ገጹን ማስጠቀስ ያስፈለገው ተጫራቹ ወደ ሰነዱ ተመልሶ በዓይኑ እንዲያረጋግጥ ነው።

የቤትና የመኪና ደላሎች ደግሞ ለቴሌግራም የሚለጥፉትን ማስታወቂያ ያስጽፉታል። በዚህ ረገድ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቻትቦት ጽሑፍ ለማሳመር ሲል ያልተነገረውን «ለአስፋልት ቅርብ» ወይም «ጸጥ ያለ ሰፈር» ብሎ ሊጨምር ይችላል። ገዢው ቦታው ድረስ ሄዶ ሌላ ነገር ሲያገኝ ስሙ የሚጠፋው ደላላው ነው። ስለዚህ «ከሰጠሁህ መረጃ ውጭ ምንም አትጨምር» የሚለው ትእዛዝ ከማስታወቂያው ጋር አብሮ መጻፍ ይኖርበታል።

ነጋዴን የሚያከስሩ አራት ስህተቶች

አንደኛው የምንዛሪ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያው ዕለት ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ ጥቂት ቆይቶም ከ100 ብር አለፈ። ትምህርቱ ከዚያ ቀን በፊት ያበቃ ቻትቦት የድሮውን ዋጋ ዛሬም ሊናገር ይችላል። በርካታ የሐዲያና የከምባታ ቤተሰቦች ልጆቻቸው ከደቡብ አፍሪካ በሚልኩት ገንዘብ ቤት ሠርተዋል፤ ንግድም ጀምረዋል። የዶላርም ሆነ የራንድ ምንዛሪ መጠየቅ ያለበት ባንክ ነው።

ሁለተኛው የግብር ነው። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር አሳድጎታል። በወር 8,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ በድሮው ሠንጠረዥ 1,445 ብር ግብር ይቆረጥበት ነበር፤ በአዲሱ 1,150 ብር ነው። የድሮውን ሠንጠረዥ ከቻትቦት የወሰደ አሠሪ በየወሩ ከአንድ ሠራተኛ 295 ብር ያለ አግባብ ይቆርጣል። አሥር ሠራተኛ ያለው ድርጅት ከሆነ ስህተቱ በወር 2,950 ብር ይደርሳል። ትክክለኛው አካሄድ የአዋጁን ሠንጠረዥ ገልብጦ ለቻትቦቱ መስጠትና «በዚህ ብቻ አስላ» ማለት ነው።

ሦስተኛው የአድራሻ ነው። ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ናቸው። ኢንተርኔት ላይ የተከማቸው የቆየ ጽሑፍ ግን በብዛት የደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ይላል፤ ቻትቦቱም ያንኑ ይደግማል። በፈረሰ ክልል ቢሮ ስም የተጻፈ ማመልከቻ ባለጉዳዩን ያመላልሳል።

አራተኛው የቀንና የሰዓት ነው። «ጨረታው ከቀኑ 8 ሰዓት ይዘጋል» የሚለው በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ነው። ቻትቦት ግን 8ን እንዳለ ሊያስቀምጠው ይችላል። የቀኑም ነገር እንዲሁ ነው። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. የዋለው ሴፕቴምበር 25 ሲሆን፣ በ2020 ዓ.ም. ግን ያው መስከረም 15 ሴፕቴምበር 26 ይውላል፤ ጳጉሜን 2019 ስድስት ቀን ስለምትሆን ነው። በውል ላይ የሚሰፍር የማስረከቢያ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ በካላንደር መመሳከር አለበት።

የቋንቋው ጉዳይ

ቻትቦት የሚያውቀው ያነበበውን ያህል ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ብዙ ስለሆነ እንግሊዝኛው ጠንካራ ነው። አማርኛው ከጊዜ ወደ ጊዜ ቢሻሻልም የጾታና የአክብሮት አነጋገርን ያቀላቅላል፤ «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ «አንተ» ብሎ ይጨርሳል። ለትልቅ ደንበኛ የሚላክ ደብዳቤ በዚህ ረገድ መታረም አለበት። በሐዲይኛና በከምባትኛ የተጻፈው ደግሞ ከአማርኛው እጅግ ያነሰ በመሆኑ በእነዚህ ቋንቋዎች የሚሰጠው መልስ ገና የሚታመን አይደለም። ከገበሬ ጋር የሚደረገው ድርድር አሁንም የሰው ሥራ ነው።

በግብርናው መስክ የተለየ ሙከራ አለ። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የስልክ መስመር ገበሬው ደውሎ የተቀዳ ምክር የሚሰማበት ነው። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ያዘጋጀው ፋርመር ቻት ደግሞ ተስማምቶ የተመረጠ የግብርና መረጃ ተሰጥቶት በአማርኛ ጭምር የሚመልስ ቻትቦት ነው። መልሱን የሚያወጣው ከተወሰነ መዝገብ በመሆኑ ከልቅ ቻትቦት ይለያል። የሆነው ሆኖ የመድኃኒት ርጭት መጠን ከወረዳው የግብርና ባለሙያ ሳይጠየቅ በቻትቦት ቃል ብቻ ሊወሰን አይገባም።

በቤት ውስጥ

በቤት ውስጥ ጥቅሙ ይበልጥ የሚታየው በተማሪዎች ላይ ነው። የሒሳብ ጥያቄ መልሱን ከመንገር ይልቅ «አንድ ፍንጭ ብቻ ስጠኝ» ከተባለ እንደ አስጠኚ ያገለግላል። በውጭ አገር ላለ ዘመድ የሚሞላ የእንግሊዝኛ ቅጽ ምን እንደሚጠይቅም ያብራራል። በመድኃኒት ጥቅል ላይ ያለውን ጽሑፍ ይተረጉማል፤ ስንት ክኒን ይወሰድ የሚለው ግን የሐኪምና የፋርማሲ ባለሙያ ጥያቄ ነው። በቡላና በቅቤ ስለሚሠራው አተካና ከሆነ ደግሞ ከቻትቦቱ ይልቅ እናትን መጠየቅ ይሻላል።

ምስጢርና ኃላፊነት

ለቻትቦት የተጻፈ ነገር ወደ ኩባንያው ኮምፒዩተር ይሄዳል። በ2015 ዓ.ም. የሳምሰንግ ሠራተኞች የድርጅቱን የውስጥ ኮድ ወደ ቻትጂፒቲ በማስገባታቸው ኩባንያው አገልግሎቱን በሠራተኞቹ ላይ ከልክሏል። በአገር ውስጥም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። የዱቤ መዝገቡን ለቻትቦት የሚሰጥ ነጋዴ የደንበኞቹን ስም «ሀ፣ ለ፣ ሐ» ብሎ ይተካ፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የግብር ከፋይ መለያና የፓስፖርት ፎቶ አያስገባ።

ስህተቱን የሚከፍለውም ተጠቃሚው ነው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ ፈልስፎ የሰጣቸውን የሌለ የፍርድ መዝገብ ለፍርድ ቤት በማቅረባቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤር ካናዳ ቻትቦቱ ለመንገደኛ ስለ ቲኬት ቅናሽ በሰጠው የተሳሳተ መረጃ ካሣ እንዲከፍል ተወስኖበታል። አየር መንገዱ ቻትቦቱ ራሱ ለቃሉ ኃላፊ ነው ብሎ ቢከራከርም ሰሚ አላገኘም። በቴሌግራም ሱቁ ላይ ቻትቦት ለደንበኛ እንዲመልስ የሚያደርግ ነጋዴ ይህን ሊያውቅ ይገባል። ማሽኑ የተናገረው ዋጋ የነጋዴው ቃል ሆኖ ይቆጠራል።

ለነጋዴው በአጭሩ

• ቻትቦቱ እንዲጽፍ፣ እንዲያሳጥር፣ እንዲተረጉምና በተሰጠው ቁጥር እንዲያሰላ ይደረግ።

• የዕለት ዋጋ ከገበያው፣ ምንዛሪ ከባንክ፣ ግብር ከአዋጁና ከገቢዎች ቢሮ ይወሰድ።

• መለኪያ በግልጽ ይጻፍ፤ ኩንታል 100 ኪሎ፣ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑ ይነገረው።

• ምንጩን ይጠየቅ፤ የጠቀሰው ምንጭ ተከፍቶ ይታይ።

• ፊርማና ማኅተም የሚያርፍበትን ወረቀት ሰው ሳያነበው አይውጣ።

ጥሩ ጸሐፊ ያለው ነጋዴ ጊዜ ያተርፋል፤ ያንንም ጊዜ ለገበያው ያውለዋል። በገበያ ቀን ሆሳዕና ላይ ስንት መኪና ድንች እንደገባ፣ የሌሞ ገበሬ ምርቱን ያዘው ወይስ አወጣው የሚለውን የሚያውቀው ግን ማልዶ ገበያ የወጣው ሰው ነው።