ምጥን የሚያስታግስ መነጽር፦ ለጉለሌዋ ወላድ ምን ይነግራታል?

ምጥ የያዛት እናት ዓይኗ ላይ ትልቅ መነጽር ታጠልቃለች። የማዋለጃ ክፍሉ ከዓይኗ ይጠፋና የባሕር ዳርቻ ወይም የአበባ መስክ ይታያታል። ራሷን ስታዞር ትዕይንቱም አብሯት ይዞራል። በጆሮዋ ደግሞ ረጋ ያለ ድምፅ አተነፋፈስ ይመራታል። ቴክኖሎጂው ቨርቹዋል ሪያሊቲ ይባላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አእምሮ ሌላ ነገር ሲይዘው ለሕመሙ የሚሰጠው ትኩረት ይቀንሳል። የሲያትል ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ እሳት ያቃጠላቸውን ሰዎች ቁስላቸው ሲታጠብ ምናባዊ ዓለም እያሳዩ ሕመማቸውን ያቀሉላቸው ነበር። በካርዲፍ የሚገኘው የዌልስ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2019 ለወላዶች ሞክሮታል። በሎስ አንጀለሱ ሴዳርስ ሳይናይ የተካሄደና በ2021 የታተመ ጥናት ደግሞ 40 ያህል የበኩር ልጃቸውን የሚወልዱ ሴቶችን አሳትፏል። እስከ 30 ደቂቃ መነጽሩን ያጠለቁት ሕመማቸው በጥቂቱ ሲቀንስ፣ ያላጠለቁት ጨመረባቸው። ልዩነቱ ከ10 ነጥብ አንድ ያህል ነው። ምጥ ግን ሰዓታት ይወስዳል፤ መነጽሩም አንዳንዱን ሰው ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ስለዚህ አጋዥ እንጂ የመድኃኒት ምትክ አይደለም።

ጉለሌ ውስጥ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም ሆነ በሰፈር ጤና ጣቢያ ለምትወልድ እህታችን ከመነጽሩ ይልቅ ሐሳቡ ይጠቅማታል። ብቻዋን ተኝታ ጣሪያ እያየች የምታምጥ ሴት ከሕመሟ ሌላ የምታስበው የላትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ እናትየው የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ ከቻለች እንድትንቀሳቀስ፣ ወገቧ እንዲታሽ፣ አተነፋፈስ እንድትለማመድ ይመክራል። ኢፒዱራል ለጠየቀች ጤነኛ እናትም ይፈቅዳል። እናቷ ወይም እህቷ አጠገቧ ሆና ወገቧን እያሸች፣ እሷም በዚክር እየተነፈሰች ብታምጥ ማንም ማሽን አያስፈልጋትም። ክፍሉ የጋራ ከሆነ የሌሎች እናቶች ዐውራ እንዳይታይ መጋረጃ ያስፈልጋል፤ ይህ ግን አጃቢን ለመከልከል በቂ ምክንያት አይመስለኝም።

«ምጥ አጅር አለው፤ ማስታገሻ መውሰድ ሶብር ማጣት ነው» የሚሉ አሉ። ሱረቱ መርየምን ያነበበ ሰው እንዲህ ለማለት ይከብደዋል። መርየም (ዐ.ሰ) ምጥ ወደ ተምር ግንድ ባስጠጋት ጊዜ ምነው ከዚህ በፊት በሞትኩ እስከማለት ደርሳለች። አላህ (ሱ.ወ) በዚህ አልወቀሳትም፤ አትዘኚ ተብላ ውኃና የበሰለ ተምር ቀረበላት። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምና ፈልጉ ብለዋል።

እንግዲህ ጥያቄውን ለምጡ ቀን አታቆዩት። በክትትሉ ወቅት አዋላጇን «አጃቢ ይገባል? ለሕመሙ ምን መድኃኒት አላችሁ? እየተንቀሳቀስኩ ማማጥ እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሁለት ምጥ መካከል እንኳ ፋታ የማይሰጥ የሆድ ሕመም፣ ደም መፍሰስ ወይም ዓይን የሚጋርድ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ግን በምንም ነገር ለመርሳት አትሞክሩ፤ ወዲያው አዋላጇን ጥሩ።