ላሟን መሲና ከማለታችን በፊት፦ በራያ ቆላ ስሪያ ሲያዳግት

(በቆቦ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ንግግሬ በአንዲት ቃል ላይ ያርፋል። ቃሏ «መሲና» ናት። አንዲት ላም ሁለት ሦስት ጊዜ ከኮርማ ተገናኝታ ወይም በሰው ሠራሽ ዘዴ ተዳቅላ ካልያዘች መሲና ትባላለች፤ መሲና ከተባለች በኋላ ደግሞ የሚጠብቃት ቢላዋ ነው። ከእርሷ ጋርም ወተቱ፣ ጥጃው፣ ነገ ቀንበር የሚሸከመው ወይፈን አብረው ይሄዳሉ። እኔ ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው፣ በዚህ ስም ከሚሸኙት ላሞች ብዙዎቹ መካን አለመሆናቸውን ነው። የጎደላቸው ማህፀን ሳይሆን ሰዓት ነው። ያንን ሰዓት የሚያውቀውም ከሐኪሙና ከማዳቀል ባለሙያው ይልቅ ላሟ የምታድርበት ቤት ነው።

አስቀድመን ስሪያ ለምን አዳጋች እንደሆነ እንመልከት። ራያ በከብቱ የሚታወቅ አገር ነው። ሳንጋ በሚባለው የከብት ምድብ ውስጥ የሚቆጠረው የራያ ከብት፣ ረጃጅም ቀንዶቹና የበሬዎቹ የእርሻ ጉልበት ስሙን አስጠርተውለታል። ነገር ግን በሬው የተወደደበት ምክንያት ራሱ ኮርማን አሳንሷል። ወይፈኑ ለቀንበር ወይም ለድለባ ገና በልጅነቱ ይቀጠቀጣል። አንድ ወይም ሁለት ላም ያለው ገበሬ ለዘር ብቻ ኮርማ ሊቀልብ አይችልም። የወል ግጦሹ ወደ እርሻ ሲለወጥም ላሟ በጓሮ ታስራ የማሽላ አገዳ ትመገባለች። ታስራ የምትውል ላም ኮርማ አታገኝም፤ ከሌሎች ላሞች ጋር ስለማትውልም ፍላጎቷን የሚገልጥላት የለም። ቀድሞ መንጋው በራሱ ይፈጽመው የነበረው ሥራ እንዲህ ባለ መንገድ ወደ ሰው እጅ ተላልፏል።

ሰው ይህን ሥራ መሥራት እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው በላም ሳይሆን በውሻ ነበር። ላዛሮ ስፓላንዛኒ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ መጀመሪያ ከወንድ ውሻ የተወሰደ ዘር ተዘግታ በተጠበቀች ሴት ውሻ ማህፀን ውስጥ አስገባ፤ ከ62 ቀን በኋላ ሦስት ቡችሎች ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1949 ደግሞ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ግሊሰሮል የተባለ ንጥረ ነገር ዘርን ከቅዝቃዜ ጉዳት እንደሚጠብቅ ደረሱበት። የአንድ ኮርማ ዘር ለዓመታት ተቀምጦ ሩቅ አገር መድረስ የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። በእኛ አካባቢ ዘዴው አስቀድሞ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1938 በአስመራ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ተቋርጦ በ1950ዎቹ እንደገና ተጀመረ። በ1980ዎቹ በቃሊቲ ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀል ማዕከል ተቋቁሞ ዘር ለአገሪቱ ያከፋፍል ጀመር።

ወደ ውሻዋ የተመለስኩት ለታሪክ ብቻ አይደለም። ውሻና ላምን ማነጻጸር የዛሬውን ትምህርት ፍሬ ያሳየናል። ሴት ውሻ ፍላጎቷ ሲቀርብ በመጀመሪያ ዘጠኝ ቀን ያህል ትደማለች፤ ወንድ የምትቀበለው በአብዛኛው ከዚያ በኋላ ነው፣ እርሱም ሌላ ዘጠኝ ቀን ያህል ይቆያል። የወንዱ ዘር በማህፀኗ ውስጥ ለብዙ ቀናት በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የውሻ ባለቤት በአንድ ቀን ቢሳሳት እንኳ ሌላ ቀን አለው። የላም ነገር ከዚህ በእጅጉ ይለያል። ላም በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ ትፈልጋለች፤ ፍላጎቷ የሚቆየው ግን ለሰዓታት ብቻ ነው። በፈረንጅ ላሞች እስከ 18 ሰዓት ሊደርስ ይችላል፣ በእኛ ላሞች ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ያጥራል። ደምም በላም ላይ የሚታየው ፍላጎቱ ካለፈ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ የውሻ ደም «ጊዜው እየመጣ ነው» ሲል፣ የላም ደም «ጊዜው አልፏል» ይላል። በላም ጭራ ላይ ደም አይቶ ባለሙያ የሚጠራ ሰው ከደጅ የወጣ እንግዳ ይጣራል። ሊያደርገው የሚገባው ቀኑን መዝግቦ ከ18 ቀን ገደማ በኋላ በንቃት መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ስሌት እንግባ። የላም እንቁላል ከቋቷ የሚወጣው ፍላጎቷ ካበቃ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ከወጣ በኋላም ለመጽነስ የሚበቃው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። የኮርማው ዘር በበኩሉ ማህፀን ውስጥ እንደገባ ወዲያው ሥራውን አይጀምርም፤ ለመብሰል ስድስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜም አጭር ነው። ቀዝቅዞ የቆየ ዘር ደግሞ ከኮርማው በቀጥታ ከሚገኘው ዘር ይልቅ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ቢፈጥንም ቢዘገይም ይባክናል። ከዚህ የወጣው ደንብ ቀላል ነው፦ ጠዋት ፍላጎት ያሳየች ላም በዚያው ዕለት ማታ ትዳቀል፤ ማታ ያሳየች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል።

ደንቡ ቀላል ቢሆንም ምልክቱን ማየት ይጠይቃል። ከሁሉ የሚታመነው ምልክት አንድ ነው፦ ሌላ ከብት ሲወጣባት ሳትሸሽ ቆማ መጠበቋ። በሌላ ላይ የምትወጣዋ ላም ፍላጎት ላይ ልትሆንም ላትሆንም ትችላለች፤ ቆማ የምትጠብቀዋ ግን በእርግጥ ፍላጎት ላይ ናት። ከብልቷ የሚወርድ እንደ ክር የሚሳብ ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ መቁነጥነጥ፣ መጮህ፣ የወተት መቀነስ፣ ከጭራዋ በላይ ያለው ፀጉር መቆም ደጋፊ ምልክቶች ናቸው። ለብቻዋ ታስራ በምትውል ላም ዋናው ምልክት ስለማይገኝ፣ ጠዋትና ማታ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ከጎረቤት ከብት ጋር ፈትቶ መመልከት ይገባል።

የቆላችን ሙቀት ይህን ሁሉ ያከብደዋል። በሙቀት የተጨነቀች ላም የፍላጎት ሰዓቷ ያጥራል፣ ምልክቷም ይደበዝዛል፤ የቀረውንም በአብዛኛው በሌሊትና በንጋት ታሳያለች። ረፋድ ላይ የሚያያት እረኛ የሚያገኘው ጥላ ስር የቆመች፣ ምንም የማይታይባት ላም ነው። ንጋት ላይ በረት የምትገባው ደግሞ የምታልበው እናት ናት። ሆኖም ስለ ከብት እርባታ ሥልጠና ሲሰጥ የሚጠራው አባወራው ነው። ይህ አሠራር ካልተለወጠ፣ ምልክቱን የሚያየው ሰው ትርጉሙን ሳያውቅ፣ ትርጉሙን የሚያውቀው ሰው ምልክቱን ሳያይ ይኖራሉ። ሙቀት ከተዳቀለች በኋላም ይጎዳታል፤ ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የእናቲቱን የሰውነት ሙቀት መጨመር አይችልም። ስለዚህ ከማዳቀል በኋላ ባለው ሳምንት ጥላና በቂ ውኃ ማቅረብ ከራሱ ከማዳቀሉ የማይተናነስ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ባለሙያው ዘንድ ስላለው ድርሻ ልናገር። ዘሩ በቀጫጭን የፕላስቲክ ቱቦዎች ውስጥ ሆኖ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀመጣል። ናይትሮጅኑ ተንኖ ካለቀ በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ዘር በሙሉ ይሞታል፤ የሞተ ዘር ደግሞ በዓይን ከሕያው አይለይም። ቱቦው ከወጣ በኋላ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ በሚሆን ውኃ ለ40 ሰከንድ ያህል ይሟሟል፣ ይደረቃል፣ ከፀሐይ ተሰውሮ ወዲያው ሥራ ላይ ይውላል። ዘሩ የሚቀመጠው የማህፀኑ በር እንዳለቀ ነው። ባለሙያው ሲመጣ የሞቀ ውኃና ጥላ ያለበት ቦታ አዘጋጅቶ መጠበቅ፣ ላሟንም ሳይደበድቡና ሳያሯሩጡ መያዝ የባለቤቱ ድርሻ ነው።

ችግሩ ባለሙያው ሁሉም ዘንድ በሰዓቱ አለመድረሱ ነው። በአስፋልቱ ዳር ባሉት በሮቢትና በጎብዬ የሚኖር ገበሬ ደውሎ ሊያስመጣው ይችላል፤ በዞብል ተራራ በኩል ያለው ግን ጥሪው ሲደርስ ሰዓቱ አልፏል። ለዚህ መፍትሔ ተብሎ የመጣው ድራትን በሆርሞን የማቀናጀት ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት ይመራ የነበረ ፕሮጀክት ከክልሎች ጋር ሆኖ በሀዋሳ ዙሪያና በአዲግራትና መቀሌ አካባቢ ሞክሮት፣ ከዚያ በኋላ አማራን ጨምሮ በሌሎች ክልሎች ተስፋፍቷል። ላሞች በአንድ ቦታ ተሰብስበው ፕሮስታግላንዲን የተባለ መድኃኒት ይወጋሉ፤ ከ2 እስከ 5 ባሉት ቀናት ውስጥ ድራት ያሳያሉ። ባለሙያው በአንድ ጉዞ ብዙዎቹን ያዳቅላል።

ዘዴው ጠቃሚ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። መድኃኒቱ የሚሠራው በእንቁላል ቋቷ ላይ እንቁላሉ በወጣበት ቦታ የሚበቅለው አካል ካለ ብቻ ነው። ይህ አካል ያለው ዑደቷ የሚሄድ ላም ናት። በረሃብ የከሳች፣ ከወለደች በኋላ ዑደቷ ገና ያልተመለሰ ላም ብትወጋም ምላሽ አትሰጥም። ያረገዘችው ብትወጋ ደግሞ ትጨነግፋለች። ስለዚህ ከመርፌው በፊት እያንዳንዷ በእጅ ተመርምራ እርጉዝ አለመሆኗና ዑደቷ መኖሩ መረጋገጥ አለበት። ነፍሰ ጡር ሴቶችና የአስም ሕመም ያለባቸው ሰዎችም ይህን መድኃኒት ሊነኩ አይገባም። በምርመራ ሳይለዩ ላሞችን ሁሉ ወግቶ የተወጉትን ቁጥር እንደ ውጤት መዘገብ፣ ገበሬው ዘዴውን እንዲጠላ ከማድረግ በቀር የሚያተርፈው የለም።

የላሟ ገላ ከሁሉ ይቀድማል። አጥንቷ የሚቆጠር ላም ኮርማ አትጠይቅም፤ ሰውነቷ ጽንስን ከመሸከም በፊት ራሱን ያተርፋል። ደረቅ የማሽላ አገዳ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው። አገዳው ተከትፎ ከቅባት እህል ፋጉሎ፣ ወይም ከላብላብና ከሌሎች ጥራጥሬ ተክሎች ቅጠል ጋር ቢሰጥ ልዩነቱ ይታያል። በተለይ ከመውለዷ በፊት ባሉት ሁለት ወራትና ከወለደች በኋላ ባሉት ሦስት ወራት መቆጠብ አይገባም። ስሌቱን እንመልከተው። ላም በየዓመቱ እንድትወልድ ከተፈለገ፣ ከ365 ቀን የእርግዝናው 283 ቀን ገደማ ሲቀነስ የሚቀራት 82 ቀን ብቻ ነው። አንድ ድራት ሲያመልጥ 21 ቀን ይሄዳል፤ ሦስት ሲያመልጥ 63 ቀን።

ዘሩን መምረጥም ያስፈልጋል። ትንሽ ጊደርን በትልቅ ዝርያ ማዳቀል በምጥ ጊዜ እናትንም ጥጃንም ሊያሳጣ ይችላል። በቂ መኖና ጥላ በሌለበት ቆላ ደማቸው በአብዛኛው ሆልስታይን ፍሪዥያን የሆኑ ጥጃዎች በሙቀትና በመዥገር ይጎዳሉ። ሙቀትንና ድርቅን የለመደውን የራያን ዘር በሁሉም ቤት መከለስ ደግሞ ነገ መመለሻ የሌለው ኪሳራ ነው። ባለሙያ በሰዓቱ በማይደርስበት ቀበሌ እኔ የምመክረው የጋራ ኮርማ ነው። ጤነኛና በደንብ የሚቀለብ አንድ ኮርማ ከ25 እስከ 30 ላሞችን ያገለግላል። ሴት ልጆቹ ለስሪያ ከመድረሳቸው በፊት በሌላ ይለወጥ፤ ከመግባቱ በፊትም ለውርጃ በሽታ ይመርመር፤ ይህ በሽታ ጥሬ ወተት ለሚጠጣው ቤተሰብም ይተርፋልና።

ሁሉም ተደርጎ ሦስት ጊዜ በሰዓቱ የተዳቀለች ላም ካልያዘች፣ ያኔ የእንስሳት ሐኪም ይመርምራት። የማህፀን ቁስለት፣ የእንቁላል ቋት ውኃ መቋጠር፣ ከስሪያ የሚተላለፉ በሽታዎች በምርመራ ይገኛሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ይታከማሉ። በእውነት የማትወልድ ላምም ትኖራለች። ልዩነቱ ግን ያኔ ፍርዱ በማስረጃ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ የምጠይቃችሁ ውድ መሣሪያ አይደለም። በበረቱ ምሰሶ ላይ አንድ ወረቀት ስቀሉ። የወለደችበትን ቀን፣ ድራት ያሳየችበትን ቀንና ሰዓት፣ የተዳቀለችበትን ሰዓትና የኮርማውን ቁጥር ጻፉበት። ማንበብ የሚችል ልጅ ቤት ውስጥ ካለ መዝጋቢው እርሱ ይሁን፤ ተመልካቿ ደግሞ ንጋት ላይ በረት የምትገባዋ እናት። ከሁለት ወር በኋላ ላሟን በእጅ አስመርምሩ። አንዲት ላም መሲና ናት ተብሎ ሲነገራችሁ ወረቀቷን ጠይቁ። ወረቀት ከሌላት ገና አልተፈረደባትም።