ሽታ የተዋሰ ጋዝ

የካሊፎርኒያው ዩኒየን ኦይል ኩባንያ ሠራተኞች በደረቅ ኮረብታ ላይ የተዘረጋ የጋዝ ቧንቧ ሲያፈስባቸው መሬት መሬት አያዩም ነበር። አንጋጠው ሰማዩን ይቃኛሉ። ጥንብ አንሳዎች ክብ ሠርተው የሚያንዣብቡበትን ወይም ሰብሰብ ብለው ያረፉበትን ቦታ ልብ ይላሉ፤ ወደዚያው ይሄዳሉ፤ ቀዳዳውም እዚያው አካባቢ ይገኛል። ዘዴው ከ1938 ጀምሮ ይሠራበት ነበር (እዚህ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለባቸው በስተቀር የጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በሎስ አንጀለስ ሙዚየም የአእዋፍ ተመራማሪ የነበረው ኬኔት ስቴገር ይህን ከኩባንያው ሰዎች ሰምቶ ነገሩን ተከታተለው፤ በ1964 ባሳተመው ጥናትም ያ የአሜሪካ ጥንብ አንሳ ምግቡን በአፍንጫው ጭምር እንደሚፈልግ አሳየ። የኛዎቹ ጥንብ አንሳዎች ቢሆኑ ሥራውን አይችሉትም፤ እነሱ የሚተማመኑት በዓይናቸው ነው።

ወፎቹን የሚጠራቸው ግን ጋዙ አልነበረም። የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው፤ ሚቴን ደግሞ ቀለምም ሽታም የለውም። የሸተታቸው መርካፕታን ነው፤ ድኝ ያለበት፣ ሰዎች ሆን ብለው ወደ ጋዙ የሚጨምሩት ውህድ። የበሰበሰ ሥጋም ይህንኑ ያወጣል፤ ለጥንብ አንሳ የምሳ ጥሪ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሲሊንደር ማሰሪያ ሲላላ ወጥ ቤቱን የሚሞላው መጥፎ ሽታም ከዚሁ ዘር ነው። ቡታጋዝ ራሱ አይሸትም ማለት ይቻላል፤ ሽታውን የተዋሰው ለእኛ ሲባል ነው። ውሰቱ እንዴት እንደመጣ ለማወቅ ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ሰው ጋዝን ለሥራ ማዋል የጀመረው ዛሬ አይደለም። በቻይና ሲቹዋን ግዛት፣ ዚጎንግ በተባለው የጨው አገር፣ ጨዋማ ውሃ ፍለጋ ሲቆፍሩ ጋዝ ያገኙ ሰዎች ጋዙን በቀርከሃ ቧንቧ እየሳቡ ጨው ማፍያ አደረጉት። እዚያው ሼንሃይ የተባለው ጉድጓድ በ1835 ከ1,000 ሜትር በላይ ጠልቋል፤ ያውም ሞተር ሳይኖር፣ በቀርከሃ ገመድ የተንጠለጠለ ብረት እያነሱ እየጣሉ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የጋዝ ጉድጓድ የሚባለው ከዚህ ጋር ሲተያይ የሕፃን ጨዋታ ይመስላል። ዊልያም ሃርት የተባለ ጠመንጃ ሠሪ በ1821 በኒው ዮርክ ግዛት ፍሬዶንያ መንደር፣ ወንዝ ዳር ጋዝ ሲንተከተክ ካየበት ቦታ 8 ሜትር ገደማ ቆፈረ። ከዚያ የወጣው ጋዝ የመንደሩን መብራቶች አበራ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጋዝ የነዳጅ ዘይት እንጀራ ልጅ ሆኖ ቆየ። ዘይት የሚፈልጉ ሰዎች ሲቆፍሩ አብሮ ይወጣል፤ ሩቅ የሚወስድ ጠንካራ ቧንቧ ስለሌለ እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ ይቃጠላል። በ1930 ትልቅ የዘይት ሀብት በተገኘበት ምሥራቅ ቴክሳስ ሌሊቱ እንደ ቀን ይበራ ነበር። ገበያ የሌለው ጋዝ በመሆኑ የአካባቢው ሰዎች ከኩባንያዎቹ መስመር እየጠለፉ ቤታቸውንም ቤተ ክርስቲያናቸውንም ያሞቁበታል፤ ኩባንያዎቹም አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ።

የኒው ለንደን ትምህርት ቤትም ከእነዚህ ጠላፊዎች አንዱ ሆነ። ድሃ ትምህርት ቤት አልነበረም። ከዘይቱ በሚገኘው ግብር በአንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሠራ፣ በዘመኑ በአገሪቱ ካሉት ባለጸጋ የገጠር ትምህርት ቤቶች የሚቆጠር ነበር። ሆኖም በ1937 መጀመሪያ ላይ ኃላፊዎቹ የጋዝ ሂሳቡን ለመቆጠብ ሲሉ ውላቸውን ሰርዘው፣ በአቅራቢያው ካለ የቤንዚን ፋብሪካ የትራፊ ጋዝ መስመር ቀጥለው መጠቀም ጀመሩ። ጋዙ እያፈሰ ከሕንፃው ወለል በታች ባለው ክፍት ቦታ ተጠራቀመ። ተማሪዎች ራሴን አመመኝ ይሉ ነበር፤ ምክንያቱን የጠረጠረ ግን አልነበረም። መጋቢት 18 ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ የእጅ ሥራ መምህሩ የኤሌክትሪክ መፋቂያውን ማብሪያ ሲጫን ብልጭታው ጋዙን አገኘው። የዓይን እማኞች ጣሪያው ወደ ላይ ተነሥቶ ተመልሶ በግድግዳዎቹ ላይ ሲወድቅ አይተዋል። 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ሞቱ።

የቴክሳስ ምክር ቤት በሳምንታት ውስጥ ጋዝ ሽታ እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉት። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የአሜሪካ ደንብ መለኪያ አለው። ሚቴን የሚፈነዳው በአየር ውስጥ ያለው ድርሻ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ነው፤ ከዚያ ሲያንስም ሲበዛም አይያያዝም። ደንቡ ጋዙ ለመፈንዳት ከሚያስፈልገው ትንሹ መጠን አንድ አምስተኛ ላይ ሲደርስ፣ ማለትም ገና 1 በመቶ ሳለ፣ ተራ አፍንጫ ያለው ሰው ሊሸተው ይገባል ይላል። አፍንጫ በሕግ የታወቀ የደኅንነት መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

አፍንጫ ግን ሰው ባለበት ብቻ ነው የሚሠራው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ከቴክሳስና ከሉዊዚያና ወደ ሰሜን ከተሞች የሚወስዱ ሰፋፊ የብረት ቧንቧዎችን ዘረጋች፤ በእነዚህ ውስጥ ጋዙ በከፍተኛ ግፊት ስለሚሄድ ቧንቧው ሲቀደድ ለመሽተት የሚተርፍ ጊዜ የለም። መጋቢት 4 ቀን 1965 በሉዊዚያና ናከቲሽ አጠገብ አንድ ዋና መስመር በዝገትና በግፊት ተሰንጥቆ ፈነዳ፤ 17 ሰዎች ሞቱ። ያን ጊዜ ለእንዲህ ያሉ ቧንቧዎች የፌዴራል መንግሥቱ ያወጣው የደኅንነት መመዘኛ አልነበረም። ይህን ክፍተት የሚሞላው ሕግ በ1968 በፕሬዚዳንት ጆንሰን ፊርማ ጸና። የመስመሩ ባለቤት ቴነሲ ጋዝ ነበር፤ ኩባንያው ትንሽ ቆይቶ ቴኔኮ በሚል ስም የሚታወቅ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ከስሙ ጋር እንገናኛለን።

ብረት ውስጥ ምን እንዳለ ሳይቆርጡ ለማየት የተፈጠረው መሣሪያ ስሙ ለአበሻ ጆሮ ትንሽ ይከብዳል፤ ፒግ ይሉታል፣ አሳማ። የቧንቧውን ውስጥ ሞልቶ በጋዙ ግፊት የሚገፋ ዘንዶ መሳይ መሣሪያ ነው፤ ስሙን ያገኘው በብረቱ እየታሸ ሲሄድ ከሚያሰማው ጩኸት ነው የሚሉ አሉ። የመጀመሪያዎቹ ቆሻሻ ብቻ ይጠርጉ ነበር። ብልሆቹ የመጡት በኋላ ሲሆን፣ የቧንቧውን ግድግዳ በማግኔት ይሞሉና ብረቱ የሳሳበት ቦታ ላይ የማግኔቱ ኃይል ሲያፈነግጥ ይመዘግባሉ። ከሌላኛው ጫፍ ሲወጣ አሳማው የእያንዳንዷን ዝገት አድራሻ ይዞ ይወጣል።

ችግሩ አሳማው የማያልፍባቸው ቧንቧዎች ብዙ መሆናቸው ነው። በ2000 በኒው ሜክሲኮ ካርልስባድ አጠገብ፣ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለው ያደሩ 12 ሰዎች ከውስጥ የዛገ ቧንቧ ፈንድቶባቸው አለቁ፤ የዛገው ክፍል መሣሪያው እንዲያልፍበት ሆኖ የተሠራ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ሕግ ኩባንያዎች ሰው በሚበዛበት አካባቢ ያለውን መስመር በየጊዜው እንዲመረምሩ አስገደደ።

ከዚያ ሕግ በኋላም ሳን ብሩኖ መጣ። መስከረም 9 ቀን 2010፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ ባለው በዚህ ሰፈር የተነሣውን እሳት ያዩ ሰዎች አውሮፕላን የወደቀ መስሏቸው ነበር፤ አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው። የወደቀው አውሮፕላን ሳይሆን የተነሣው ቧንቧ ነበር፤ 8 ሜትር ተኩል የሚሆን ቁራጭ ከመሬት ተመንጥቆ 30 ሜትር ርቆ ተገኘ። 8 ሰዎች ሞቱ፣ 38 ቤቶች ወደሙ። የምርመራው ውጤት ከእሳቱ ያላነሰ ያስደነግጣል። በ1956 የተቀበረው ቧንቧ አጫጭር ቁርጥራጮች ተገጣጥመው የተበየዱበት ክፍል ነበረው፤ ብየዳውም ጎደሎ ነበር። የባለቤቱ የፒጂ ኤንድ ኢ መዝገብ ግን ያንኑ ቧንቧ ብየዳ የሌለው ብሎ ጽፎታል። ጋዙን ለመዝጋት 95 ደቂቃ ፈጀ፤ ቫልቮቹ በእጅ የሚዞሩ ስለነበሩ ሰው በመኪና መሄድ ነበረበት። የግዛቱ ተቆጣጣሪ በ2015 1.6 ቢሊዮን ዶላር ቀጣው፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤት ኩባንያውን በስድስት ወንጀሎች ጥፋተኛ አለው። ሕግ አልጎደለም ነበር፤ የጎደለው እውነተኛ ወረቀት ነው።

የግፊት መለኪያው እውነቱን ተናግሮ ሰው ሳይሰማው የቀረበት ጊዜም አለ፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሰኔ 1989፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ከኡፋ ከተማ ብዙም በማይርቅ ስፍራ። መጀመሪያ ለዘይት ታስቦ በኋላ ፈሳሽ ጋዝ እንዲያጓጉዝ የተደረገ ቧንቧ ተሰነጠቀ። በመቆጣጠሪያው ክፍል ያሉት ሠራተኞች ግፊቱ ሲወርድ አዩ፤ የሚያፈስ ነገር እንዳለ ከመጠርጠር ይልቅ ግፊቱን ለመመለስ ፍሰቱን ጨመሩ። ፕሮፔንና ቡቴን እንደ ሚቴን ወደ ላይ አይሸሹም፤ ከአየር ስለሚከብዱ እንደ ጉም ረባዳ ቦታ ላይ ይተኛሉ። ጉሙ ወደ ትራንስ ሳይቤሪያ ባቡር ሐዲድ ወረደ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ፣ ከአድለርና ከኖቮሲቢርስክ የተነሡ ሁለት ባቡሮች፣ ወደ ጥቁር ባሕር የሚሄዱና ከዚያ የሚመለሱ ሕፃናት የሞሉባቸው፣ እዚያው ሸለቆ ላይ ተገናኙ። የሞቱት 575 ተብለው ተቆጥረዋል። ጋዙን ያቀጣጠለው ከራሳቸው ከባቡሮቹ የወጣ ብልጭታ ነው ተብሎ ይታመናል።

እስከዚህ ድረስ ሕጎቹ ሁሉ የሚጨነቁት ስለሚፈነዳ ጋዝ ነበር። ሳይፈነዳ አየር ላይ የሚበተነው ግን በኩባንያዎቹ ሂሳብ ውስጥ «የጠፋና ያልታወቀ» ከሚባል ረድፍ ይገባል፤ የነጋዴ ኪሳራ እንጂ የሌላ ሰው ጉዳይ አይደለም ተብሎ። ይህን አመለካከት ያናወጠው የከባቢ አየር ሳይንስ ነው፤ ሚቴን በ20 ዓመት ሲለካ ምድርን የማሞቅ አቅሙ በክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ነው።

ለሕዝብ ዓይን ግልጥ ያደረገው ደግሞ አሊሶ ካንየን ነው። ከሎስ አንጀለስ ሰሜን ባለው በዚህ ኮረብታ ሥር፣ ዘይቱ ተቀድቶ ያለቀ ዓለት ለጋዝ ማከማቻነት ያገለግላል። ጥቅምት 23 ቀን 2015፣ በ1950ዎቹ የተቆፈረ አንድ ጉድጓድ የብረት ሽፋኑ ከውጭ ዝጎ ተቀደደ። ከጉድጓዱ ሥር የነበረው የደኅንነት ቫልቭ በ1979 ወጥቶ አልተተካም። ለ112 ቀን ወደ 100,000 ቶን የሚጠጋ ሚቴን ወደ ሰማይ ወጣ፤ በአሜሪካ ታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ ነው። ከጉድጓዱ በታች ያለው የፖርተር ራንች ሰፈር ሰዎች ራስ ምታትና ነስር አስመረራቸው፤ ተጠያቂ የተደረገውም በዋናነት ጋዙ ሳይሆን ያ ከኒው ለንደን በኋላ የተዋሰው ሽታ ነበር። ከ8,000 በላይ ቤተሰቦች ሰፈሩን ለቀው ወጡ። የማይታየውን ያሳየው የኢንፍራሬድ ካሜራ ነው፤ ኢንቫይሮንሜንታል ዲፌንስ ፈንድ በአየር ላይ ሆኖ በቀረጸው ፊልም ከኮረብታው አናት ጥቁር ጎርፍ ወደ ላይ ሲፈስስ ይታያል። ፊልሙን ያየ ሰው «ኪሳራ» የሚለውን ቃል ለመቀበል ይቸገራል።

የአካባቢ ሕጉ ግን ከፍንዳታው ሕግ ይልቅ ይወዛወዛል። በ2005 የአሜሪካ ኮንግረስ ዓለትን በውሃና በኬሚካል ግፊት እየሰነጠቁ ጋዝ የሚያወጡትን ከመጠጥ ውሃ ጥበቃ ሕጉ ዋና ክፍል ነጻ አደረጋቸው። በ2016 አዳዲስ ጉድጓዶች ሚቴን እንዳያፈሱ የሚያዝ ደንብ ወጣ፤ በ2020 ተሰረዘ፤ በ2021 ኮንግረስ ስረዛውን ሰረዘው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው ሕግ አባል አገሮች የሚያፈስ መስመር እየፈለጉ እንዲጠግኑ ከማስገደዱ ሌላ፣ ከውጭ የሚገባው ጋዝም ደረጃ በደረጃ ተመሳሳይ መመዘኛ እንዲያሟላ ይጠይቃል። ሻጩ አገር በራሱ መሬት ላይ የሚያፈስሰውም የገዢው ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ይህን ታሪክ የምትቀላቀለው በኦጋዴን በኩል ነው። በካሉብና በሂላላ ያለውን ጋዝ በ1970ዎቹ ያገኘው ቴኔኮ፣ ያው የናከቲሹ ቧንቧ ባለቤት፣ ነበር። አብዮቱ መጣና ኩባንያው ወጣ፤ ሶቪየቶች መጥተው ቆፈሩ፤ እነሱም ሄዱ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ጋዙን ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወስድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ቧንቧ ለመዘርጋት ከጅቡቲ ጋር ስምምነት ተፈረመ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የተመረቀው ግን ቧንቧ ሳይሆን፣ ካሉብ ላይ ጋዙን ወደ ፈሳሽ የሚለውጠው ፋብሪካ የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው።

ፈሳሹ የራሱ ጠባይ አለው። ሚቴን ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው፤ በዚያ ብርድ መርካፕታን እንደ በረዶ ስለሚረጋ ሊቀላቀልበት አይችልም። ስለዚህ በቦቴ የሚጫን ፈሳሽ ሚቴን የትም አገር ቢሆን የሚጓዘው ሽታ ሳይኖረው ነው፤ ሽታ የሚጨመርበት የሚወሰድበት ቦታ ደርሶ ወደ ጋዝነት ሲመለስ ነው። እስከዚያ ድረስ በመንገድ ላይ ጠባቂዎቹ የጋዝ መለኪያ መሣሪያዎችና፣ ቀዝቃዛው ጋዝ ሲያመልጥ በአየር እርጥበት ላይ የሚሠራው ነጭ ጉም ናቸው።