ፌርፋክስ ላይ የቆመችው ቮልስዋገን

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። የዛሬው ጉዳዬ የቤንዚን ፓምፕ ነው። «ደግሞ ምን ሊለን ነው?» የምትሉ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ።

ባለፈው ኖቬምበር፣ አንድ እሑድ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ፌርፋክስና ኦሊምፒክ ከሚገናኙበት መብራት አለፍ እንዳልን መኪናዬ ጠፋችብኝ። ተሰረቀች ማለቴ አይደለም። ሞተሯ ነው የጠፋው። ቦታውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የሎስ አንጀለስ ምክር ቤት በ2002 እ.ኤ.አ. «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየማት፣ ከኦሊምፒክ እስከ ዊትዎርዝ የምትደርስ አጭር መንገድ ናት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚያ መኪና የቆመበት ሰው፣ መርካቶ መሐል ሱሪው እንደ ተቀደደበት ሰው ነው። የሚያውቀው ሁሉ ያየዋል።

መኪናዬ የ1967 እ.ኤ.አ. ሞዴል ቮልስዋገን ናት፤ ያችው ጀርባዋ ጎበጥ ያለው። ጎኔ የተቀመጠው አባቴ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳንተያይ ቆይተን፣ ለሦስት ወር ሊጠይቀኝ ከአዲስ አበባ የመጣ የ79 ዓመት ሽማግሌ። ያቺን መኪና የገዛሁት ለእሱ ስል ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ከመምጣቱ አራት ዓመት ቀድሜ ነው የገዛኋት። ግን ለምን ቶዮታ እንዳልገዛሁ ባለቤቴ በጠየቀችኝ ቁጥር መልሱን እኔና አባቴ ብቻ ነበር የምናውቀው። በ1992 ዓ.ም. ለትምህርት ህንድ አገር ሲልከኝ፣ የአውሮፕላኑንና የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ የሸፈነው ልክ እንዲህ ያለች ነጭ ቮልስዋገኑን ሸጦ ነው። ተምሬ ተመልሼ ጥቂት ጊዜ በጋዜጠኝነት ሠራሁ፤ በ1998 ደግሞ ወጣሁ። መኪናዋን ሳልመልስለት ማለት ነው።

ለነገሩ መቆሟ ያን ቀን አልተጀመረም። ከሁለት ዓመት በፊት ሞቃት ቀን ጠብቃ ትጠፋ ጀመር። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። የቤንዚኑን ፓምፕ ቀየሩ። በወሩ ጠፋች። ሌላ ፓምፕ ቀየሩ። ካርቡራቶሩን ቀየሩ። በመጨረሻ «ሞተሩ አብቅቶለታል፣ አምስት ሺህ ዶላር ይዘህ ና» አሉኝ። ባለቤቴ «ሽጣት» አለች። የዋጋዋን እጥፍ አስበልታኝ ስለነበር ክርክሩን መርታት አልቻልኩም፤ አባባ ከተመለሰ በኋላ ልሸጣት ቃል ገባሁ።

እንግዲህ በዚያ እሑድ የአገሬ ሰው በየፈርጁ ወጣ። አንዱ «ባትሪ ነው» ይላል፤ ሌላው «ዲናሞው ነው»፤ ሦስተኛው «ይቺማ ለሙዚየም ነበር የምትሆነው» ብሎ ወደ ዊልሸር ጠቆመን (የፒተርሰን የመኪና ሙዚየም እዚያው ፌርፋክስ ጥግ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል)። እየገፋን ዳር አስያዝናት። አባቴ ምንም ሳይናገር ወርዶ የኋላውን ክዳን ከፈተ።

«እሳት እይ» አለኝ።

የአንዷን ካንዴላ ገመድ ነቅዬ፣ ትርፍ ካንዴላ ሰክቼ፣ ቆርቆሮው ላይ አስደግፌ ሞተሩን አስነሣሁ። ጠንካራ ሰማያዊ እሳት ዘለለ። ቦቢና ሲግል እሳት ይከለክላል፤ ምልክቱም ከፓምፕ ሕመም ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው። ጋራዡ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አላየውም ነበር።

«የታንከሩን ክዳን ክፈት።»

በዚያ ዓመት ሞዴል የቤንዚን መሙያው ከፊት ለፊቱ ክዳን ሥር ነው። ከፈትኩ። የታንከሩ መተንፈሻ ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ «ሽሽሽ» የሚል የአየር ድምፅ ይሰማ ነበር። ዝም ነው። «እንግዲያው ፓምፑ ነው። ውሃና ጨርቅ» አለ። ከአንዱ ምግብ ቤት አስተናጋጇ በጎድጓዳ ሳህን በረዶ ይዛ መጣች፤ አባቴ የአንገት ልብሱን አውጥቶ ነከረና ፓምፑ ላይ ጠመጠመው። እጁን ከቦቢናውና ከስፒንትሮጅኑ ገመድ አርቆ ነበር የሚሠራው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ «ቀስቅሳት» አለኝ። ተነሣች። ያ ሁሉ ሰው አጨበጨበ።

በኋላ ቡና ስንጠጣ «ይህን ከየት ተማርከው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ከዓባይ» አለኝ። በደርግ ጊዜ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመላለስ፣ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ወደ ደጀን የሚያስወጣው ዳገት አለ፤ ከበረሃው ሥር ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ያስወጣል። እኩሌታው ላይ ቮልስዋገኖች ተራ በተራ ቆመው ያገኛቸው ነበር። ባለ ራዲያተሮቹ ውሃ ይፈላባቸዋል፤ ቮልስዋገን ግን ራዲያተር የላትም፣ የሚፈላባት ቤንዚኑ ነው። ሾፌሩ ሁሉ የውሃ ጀሪካንና አሮጌ ጨርቅ ሳይዝ ዓባይ አይወርድም ነበር አለኝ። (ንጉሠ ነገሥቱን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው ያወጣቻቸውም ይቺው መኪና ናት። ያን ቀን ግን መንገዱ አጭር ስለነበር ሞተሯ አልጋለም።)

ቤንዚን እንዴት ይፈላል የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ቤንዚን እንደ ውሃ አንድ ጠባይ የለውም፤ ብዙ ዓይነት ፈሳሽ የተቀላቀለበት ነው። ቀላል ቀላሉ ክፍል ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ጀምሮ ይተናል። የቮልስዋገን ታንከር ከፊት ነው፣ ሞተሩ ከኋላ። ፓምፑ ሞተሩ አካል ላይ ተተክሎ፣ በውስጡ ያለችው ስስ ሽፋን ከፍ ዝቅ እያለች ነዳጁን ከዚያ ሁሉ ርቀት ትስባለች። እየተሳበ ያለ ፈሳሽ ደግሞ ግፊቱ ስለሚቀንስ ከወትሮው ባነሰ ሙቀት ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ግድም እንደሚፈላ አስታውሱ፤ ነገሩ ያው ነው። እንፋሎቱ ፓምፑ ውስጥ ሲሞላ ሽፋኗ እንፋሎት ትጨምቃለች እንጂ ነዳጅ አትገፋም። ካርቡራቶሩ ይደርቃል፤ መኪናዋ ትቆማለች። ስትቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ጋራዥ ስትደርስም ጤነኛ ናት። በሽተኛው ሐኪም ቤት ሲገባ ሕመሙ እንደሚተወው ማለት ነው።

በጣም የሚያሳስተው ደግሞ መኪናዋ ስትሄድ ደህና ሆና፣ ሱቅ ገብታችሁ ሃያ ደቂቃ ቆይታችሁ ስትመለሱ እምቢ ማለቷ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ቬንትሌተሩም ይቆማል፤ የብረቱ ሙቀት የሚወስደው አየር ሲያጣ ወደ ፓምፑና ወደ ካርቡራቶሩ ይወጣል።

ለምን በኖቬምበር? ይህ እኔንም አስገርሞኝ ነበር። በካሊፎርኒያ ቤንዚን በበጋ ቶሎ እንዳይተን ሕግ ይገድበዋል። በሎስ አንጀለስ አካባቢ ግን ገደቡ በኦክቶበር መጨረሻ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚሸጠው በብርድ በቀላሉ እንዲነሣ ተብሎ ቶሎ የሚተነው ነው። አሥር በመቶ ኢታኖልም አለበት። እንግዲህ ቀኑን ሳንታ አና የሚሉት የበረሃ ንፋስ ሲያግለው፣ የብርድ ቤንዚን በሐሩር ተቃጠልን ማለት ነው።

ሆኖም አባቴ በዚህ አልረካም። «እርጥብ ጨርቅ ማስታገሻ ነው። ፓምፑን ማን አጋለው?» አለኝ። በማግስቱ ጋቢውን ደርቦ ግቢያችን ውስጥ ወንበር አስወጣና ክዳኑን አስከፈተኝ። ዓይኑ ደክሟል፤ እጁን ልኮ በሞተሩ ዙሪያ ሲዳብስ ቆየ። ድንገት «አንተ ልጅ፣ ጎሚኒው የት ሄደ?» አለ።

ነገሩ ይህ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ዙሪያውን በቆርቆሮና በላስቲክ የታተመ ነው። ከላይ ቀዝቃዛው አየር፣ ከታች ማርሚታው ያለበት ትኩሱ። ቬንትሌተሩ ከላይ ቀዝቃዛውን ይስባል፣ ሲሊንደሮቹን አልፎ ከታች ይወጣል። በመካከል ያለው ጎሚኒ ከሌለ ትኩሱ አየር ወደ ላይ ተመልሶ ይወጣና ቬንትሌተሩ ያንኑ መልሶ ይስባል። የእኔዋ ዙሪያው ባዶ ነበር። በካንዴላዎቹ ገመድ ላይ ቀዳዳውን የሚደፍኑት ላስቲኮችም ሁለቱ የሉም። ከፊቴ የነበራት ሰው ሞተሩን አውርዶ ሲመልስ ትቷቸው ይሆናል። በዚያ ላይ የነዳጅ ማጣሪያው እዚያው ትኩሱ ሞተር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ፓምፕ ስቀይር፣ ፓምፑ ግን ምድጃ ላይ እንደተጣደ ጀበና ነበር።

ለዚህ ነው ያ ጋራዥ ዛሬም የሚያናድደኝ። ሞተሩ ማለቁን ለመናገር የሲሊንደሮቹን ግፊት መለካት ነበረባቸው። ጎረቤቴ መለኪያውን አውሶኝ እኛ ለካነው፤ ሦስተኛው ብቻ ትንሽ ዝቅ ብሏል። እሱ ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ሞዴሎች የታወቀ ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው ቬንትሌተሩ ቤት ውስጥ ስለተቀመጠ የሦስተኛውን አየር ይሻማዋል፤ ፋብሪካው ራሱ ማቀዝቀዣውን ለብቻው ያወጣው በ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ላይ ነው።

አባባ ጎሚኒውን ሁለት ጥቅል እንዳዝዝ ነገረኝ። «አንዱ አይበቃም?» ስለው «ሁለት አልኩህ» አለ። ዋጋው ከመቶ ዶላር አልሞላም። በሁለት ቅዳሜ ገጠምነው፤ ማለቴ እኔ ገጠምኩ፣ እሱ ከወንበሩ ላይ ተቆጣኝ። ማጣሪያውን ወደ ፊት፣ ከታንከሩ ሥር አዛወርነው። የቤንዚን ቱቦዎቹን በሙሉ ቀየርን፤ ኢታኖል የድሮ ላስቲክ ይሰነጥቃል፣ የተሰነጠቀ ቱቦ ደግሞ ትኩስ ሞተር ላይ ሲንጠባጠብ መኪናዋን ብቻ አይደለም የሚያቃጥለው። ይህን እንደ ቀልድ እንዳታዩት። የእሳቱን ሰዓት አስተካከልን፤ ዘግይቶ የሚለኮስ ሞተር ያለ ጥፋቱ ይግላል። አሜሪካኖቹ በነዳጅ ቱቦ ላይ የሚደረድሩትን የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ አባቴ አይቶ ሳቀ፤ እኔም አውልቄ ለባለቤቴ መለስኩላት።

ሌላ ሞቃት ቀን ጠብቀን ከኢንግልውድ በላ ብሬያ የባልድዊን ኮረብታ ዳገት አወጣናት። ፌርፋክስ አቁመን ሃያ አምስት ደቂቃ ቡና ጠጣን። ወጥተን ቁልፉን ሳዞር አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። በመጀመሪያው ተነሣች።

የተመለሰ ዕለት አየር ማረፊያ ያደረስኩት በእሷው ነው። ባለቤቴ ሻንጣዎቹን ይዛ በራሷ መኪና ተከተለችን፤ ስለ መሸጡ ጉዳይ እስከ አሁን አልተነሣም። ሻንጣው ሲመዘን ሁለት ኪሎ በልጦ ስለነበር ዕቃ ልንቀንስ ከፈትነው። ከሸሚዞቹ ሥር ሁለተኛው የጎሚኒ ጥቅል፣ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ ተቀምጧል። ላወጣው እጄን ስሰድ ያዘኝ።

«ተወው፤ ሸሚዞቹን አውጣ» አለኝ። «የገዛኝ ሰውዬ ጉለሌ ነው ያለው። እስከ ዛሬ ይነዳታል።»